በጎኔ ላይ የታሰረው ቀይ ክር

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ፈጠረው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ በሉ። እናንተን ለማሳመን ብዬ ሸሚዜን ገልቤ ጠባሳዬን አላሳይም።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ፀሐይ በልብስ ስፌት ቤቴ በር ገብታ እስከ ስፌት መኪናዬ እግር ደርሳለች። ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም... በጠራራ ፀሐይ ነው የጀመረው።

መጀመሪያ ግን ስለ እቴቴ ልንገራችሁ።

እቴቴ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ሱቁን አብረን ነበር የምንሠራው፤ እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች፣ ለደንበኛ ታስረክባለች። አንድ ልማድ ነበራት። ሥራው ያላለቀ ልብስ ካለ፣ የጎደለው ቦታ ላይ ቀይ ክር ታስራለች። እጅጌው ከቀረ እጅጌው ላይ፣ ኪሱ ከቀረ ኪሱ ላይ። ተሳስተን እንዳናስረክብ ነው። ቋጠሮዋ ድርብ ነው፤ አንዱን ጫፍ ታስረዝመዋለች። ግራኝ ስለነበረች እኔ ስንት ጊዜ ሞክሬ እንደሷ አልሆነልኝም።

በግራ በኩል የሽንት ቧንቧዬ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ሲወጣልኝ፣ ወረቀቱን የፈረመችው እሷ ናት።

ስነቃ ጠየቅኳት።

"ጨረሱ?"

"ጨረሱ።"

"የቀረ ነገር የለም?"

"ምን ይቀራል? ተኛ፣ የኔ ጌታ።"

ይህን ስትለኝ ፊቴን አላየችም...

ሕመሙ ግን አልሄደም። በሸናሁ ቁጥር ከታች ተነስቶ እስከ ግራ ጎኔ ይስበኛል። አንዳንዴ ደም ይቀላቀላል። ስነግራት፣ "ቁስሉ እስኪሽር ነው፤ ቻለው" ትለኛለች። አንድ ቀን ብሶብኝ፣ "ባንቺ ምክር ነው እንደ በግ የታረድኩት!" ብዬ ጮህኩባት። ቁልፏን መትከል ቀጠለች።

በአምስተኛው ሳምንት ካውያ ይዛ እንደቆመች ወደቀች። ልቧ ነው አሉ። ይቅርታ ሳልጠይቃት ቀበርኳት።

ያ ማክሰኞ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተቀደድኩ ልክ ስድስት ሳምንቴ።

ሱሪ እያጠበብኩ ሳለ ጎኔን ወጋኝ። እጄን ሰደድኩ። ሸሚዜ ላይ፣ በግራ ጎኔ በኩል... የሆነ ነገር ታስሯል።

ቀይ ክር።

ድርብ ቋጠሮ። አንዱ ጫፍ ረጅም።

ጠዋት ስለብሰው አልነበረም። ሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም።

በመቀስ ቆረጥኩት። በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ... ሌላ ሸሚዝ፣ ያው ቦታ፣ ያው ቋጠሮ።

"የሬዲዮ ሥራ ነው" አልኩ። ሬዲዮ ጎረቤቴ ነው፣ ጫማ ሰፊ። ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ አፉ ስለማይዘጋ ነው ሬዲዮ የተባለው። ሄጄ፣ "በሟች ትቀልዳለህ?" ብዬ ሰው ፊት አዋረድኩት። ከዚያ ወዲያ ሊያናግረኝ ሲመጣ በሬን እዘጋበታለሁ።

ሰባት ወር እንዲህ አለፈ። ክሩን በመቀስ፣ ሕመሙን በክኒን እያልኩ። ሐኪም ቤት አልሄድኩም፤ ሌላ ቢላ ፈራሁ። "ቁስሉ እስኪሽር ነው" ብላኝ የለ!

አንድ ማክሰኞ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ሰውነቴ ነደደ። ከስፌት መኪናዬ ሥር ወደቅኩ።

ድምፁን ሰምቶ የመጣው ሬዲዮ ነው። ሊያነሳኝ ጎንበስ አለና ቀጥ ብሎ ቀረ። ሸሚዜን ነው የሚያየው።

"ይሄ..." አለ በሹክሹክታ፤ "ይሄ የእቴቴ ቋጠሮ ነው።"

"አንተ አይደለህ የምታስረው?"

"እኔ? እናቴ ትሙት!"

ዓይኑን ከክሩ ወደ ግራ ጎኔ አሻገረ።

"ቱቦውን... አስወጥተሃል?"

"የምን ቱቦ?"

አፉን በእጁ ያዘ።

"ሽንትህ እንዲያልፍ ብለው ውስጥህ ቱቦ ትተዋል። በስድስት ሳምንት ይወጣል ተብሏል። እቴቴ ግን፣ እንዳይደነግጥ፣ ቀኑ ሲደርስ እኔው እወስደዋለሁ አለች... እንዳልነግርህ አስማለችኝ።"

"ከሞተች በኋላስ?"

"ልነግርህ ስመጣ በር ዘጋህብኝ።"

ዕድሜ ልኩን ወሬ ያላሳደረ ሰው፣ ለእኔ ሲሆን ጊዜ ምስጢር ጠባቂ ሆነ። ዕድሌ ነው። ደግሞ በሩን የዘጋሁት እኔው ነኝ፤ በማን እፈርዳለሁ?

ሬዲዮ ባደረሰኝ ሐኪም ቤት፣ ያኔ ቀዶ ሕክምናውን የሠራልኝ ሐኪም ራጁን አንስቶ ወደ መብራቱ ያዘው።

"ስድስት ሳምንት ብያት ነበር እኮ! እኔ እነግረዋለሁ ብላ ለመነችኝ።"

"እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?"

"እንዳትደነግጥ..." አለና ዓይኑን ወደ ራጁ መለሰ።

እንዳልደነግጥ! ሁሉም አዘነልኝ፣ ማንም አልነገረኝም።

ቱቦውን አወጡት። ዙሪያውን ጠጠር ለብሷል። ግራ ኩላሊቴ ግን ከእንግዲህ አይሠራም።

"አይዞህ" አለኝ ሐኪሙ፤ "ሰው በአንድ ኩላሊት ይኖራል። ቀኙ ጤነኛ ነው። አሁን ጨርሰናል።"

ጨርሰናል... እቴቴም እንዲሁ ነበር ያለችኝ።

ከሐኪም ቤት የወጣሁት ማክሰኞ ነው። ነርሷ ታጥቦ የታጠፈውን ሸሚዜን በፌስታል ሰጠችኝ። ሊወስደኝ የመጣው ሬዲዮ ነጥቆኝ ግራ ጎኑን አገላበጠ። ምንም የለም። ቀኙንም አየ። ምንም የለም። ሳቀ፤ እኔም ሰባት ወር ያልሳቅኩትን ሳቅኩ። "እቴቴ፣ ይቅር በይኝ" አልኩ በሆዴ።

ሸሚዜን ለብሼ የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፍኩ። የተኛሁበት ክፍል የግድግዳ ሰዓት ዘጠኝ ሆነ።

ሬዲዮ ሳቁን አቆመ።

"ምነው?" አልኩት።

ጣቱን ብቻ ዘረጋ... ወደ ቀኝ ጎኔ።

ቀይ ክር። ድርብ ቋጠሮ።

መስኮቱም በሩም ተዘግቷል። ረጅሙ ጫፍ ግን እጅ አሁን እንደለቀቀው ሁሉ ገና ይወዛወዛል።