የእማማ ታየች ጣውላ

ማመን ያልፈለገ አይመን። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር፣ በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ ነው።

የምኖረው ከታላቅ ወንድሜ ከጥሩሰው ጋር ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሱን ማን እንዳወጣው እንጃ!

ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ እኛ ሐበሾች ለጸሎት የምንሰበሰብበት አሮጌ ቤት ነበር። ቁልፉ ያለው ወንድሜ ጋ ነው። ጓሮ ካለችው ክፍል እማማ ታየች ይኖራሉ። ስደት ላይ የጠፋ አለኸኝ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ጠዋት ማታ አዳራሹ መስኮት ሥር ተንበርክከው ይጸልዩለታል።

ከብዛቱ የተነሣ ጣውላው ሁለት ቦታ ጎድጉዶ ነበር። የጉልበታቸው ቦታ ነው።

ቤቱ ሊፈርስ ሆነ። ወንድሜ ሳውዝ ሲ ላለው አዲሱ ቤቱ የወለል እንጨት ሲያማርጥ ነበርና ዓይኑ እዚያ ላይ አረፈ።

«አዲስ ጣውላ ይጣመማል። ይሄ ግን የሚጣመመውን ተጣሞ ጨርሷል» አለኝ።

እማማ ታየች ለመኑት።

«ልጄ፣ የምንበረከክባትን ብቻ ተውልኝ። ሌላውን ውሰድ።»

አልሰማቸውም። ዕቃቸውን ዝናብ ላይ አውጥቶ ወለሉን አስነቀለ። ብርድ መታቸው፣ ሳንባቸው ታመመ፣ ሞቱ። የዚያን ቀን ዝናቡ ውስጥ ቆመው ያሉት ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«እኔ በተንበረከክሁበት አንተም ትንበረከካለህ። የሚያነሣህም አይኖርም።»

ቀብረን ስንመለስ እሱ ለወለሉ ቼራ፣ የእንጨት ማብረቂያ ሰም፣ ሊገዛ ሄደ። አንጀቴ አረረ። የእጅህን ይስጥህ አልኩ፣ ወንድሜ ቢሆንም።

ፉንዲው፣ አናጢው ማለቴ ነው፣ ጣውላውን ልጎ ልጎ አነጠፈው። በውሃ ልክ ለካው። አንዲት ጎድጓዳ አልነበረችበትም።

«የውቤ፣ ውሃ እንዳታፈሺበት። ጨርቁን በደንብ ጨምቀሽ ነው የምትወለውይው» ይለኛል።

አሮጊት በዝናብ ያስመታ ሰው ለጣውላ ውሃ ይፈራል!

በሳምንቱ ሳሎኑን ቼራ ቀባሁት። ሁሉም አብረቀረቀ። መስኮቱ ሥር ግን ሁለት ቦታ... ቼራውን ጠጥቶ ደረቀ።

ደግሜ ቀባሁት። ጠጣው።

በእጄ ዳበስኩት። ጎድጉዷል።

ፉንዲው መጥቶ ላገው። በማግስቱ መስኮቱ ሥር ለጥ ያለ ነው። ጉድጓዶቹ ኮሪደሩ ላይ ናቸው።

ወንድሜ ሳቀብኝ። «እንጨት ነው እኮ፣ ይተነፍሳል።»

ከዚያ መኝታ ቤቱ በር ላይ። ከዚያ አልጋው አጠገብ... ወደ ትራሱ ዞረው።

ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።

ያን ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ነበርኩ። ድምፁን ሰማሁት።

«አሜን...»

ቆይቶ ደግሞ... «አሜን...»

ወንድሜ ቤቱ ውስጥ ጸልዮ አያውቅም። የመኝታ ቤቱን በር ከፈትኩት።

ከጉድጓዶቹ አጠገብ ተንበርክኳል። ላብ በላብ ሆኗል።

«ጋሼ?»

«ቀስ በይ... እየጸለዩ ነው።»

«ማን?»

በዓይኑ ጉድጓዶቹን አሳየኝ።

«ስለ አለኸኝ ነው?»

«አይደለም። ስለ እኔ ነው።»

«ምን ይላሉ?»

«'ጌታ ሆይ፣ አታንሣው' ይላሉ...»

ከዚያ አፉ ሳይፈልግ ተከፈተ።

«አሜን።»

ጮህኩ። ብብቱ ሥር ይዤ ጎተትኩት፤ ንቅንቅ አላለም። «ይቅርታ በላቸው!» አልኩት። አልቅሶ ለመናቸው፣ መሬቱን ሳመ። እንደገና ግን ያው ነው... «አሜን... አሜን...»

ጎረቤቶች ተረባርበው እንደተንበረከከ ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሙ ጉልበቱን አገላብጦ አየና ምንም የለበትም አለ። እግሩ ግን አልተዘረጋም። የእጅህን ይስጥህ ያልኩት እኔ፣ ሲሰጠው ሳይ አንጀቴ አልቻለም። ወንድሜ ነው።

ፉንዲውን ጠርቼ ወለሉን በሙሉ አስነቅዬ አስወጣሁት። አንዲት ጣውላ አልቀረችም። ከሥሩ ደረቅ ሲሚንቶ ነው።

ልጠርግ መጥረጊያ ይዤ ገባሁ።

አልጋው አጠገብ፣ ሲሚንቶው ላይ... ሁለት ጉድጓድ።

ነካኋቸው። ይሞቃሉ።

እኔም አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«እማማ ታየች፣ በቃው። ጌታ ሆይ፣ ወንድሜን አንሣው» አልኩ።

አሜን የሚለኝ ጠበቅሁ።

ዓይኔ እያየ... ሁለቱ ጉድጓዶች ትንሽ ወደ ታች ሰመጡ፣ ሰው ጉልበቱን አደላድሎ ጸሎቱን ሊቀጥል ሲል እንደሚያደርገው።