ከውሃ ታንከሩ ጀርባ የበቀለው ኦቾሎኒ

«ነገ ሁሉም ይነቀላል!» አለች ሬዲዮ ከሩቅ እየሮጠች። ወሬ ይዛ ማደር ስለማትችል ነው ክፍሉ በሙሉ ሬዲዮ የሚላት። «ቲቸር ለዘበኛው ስትነግረው በጆሮዬ ሰማሁ። ዘሩ የተበላሸ ነው ብላለች።»

ሽቦ መኮትኮቻዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እሷንም እንዲህ ያሏት በቅጥነቷ ነው። የስምንተኛ «ሀ» ክፍል ተማሪዎች ይህን የኦቾሎኒ መደብ ውሃ በጀሪካን እያመላለሱ፣ እጃቸው እስኪላጥ እየኮተኮቱ ነው ያሳደጉት። አሁን ግን በአንዱ ጥግ ያሉት ተክሎች ቀንጭረው፣ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ እንደ ጡጫ ተጨብጧል።

«እናንተ ‹ሀ›ዎች! አበባ ነው እንዴ የተከላችሁት? ቢጫው ያምራል!» ሲል የ«ለ» ክፍል አለቃ ከጎን ካለው መደባቸው ሳቀባቸው።

«አንተ የራስህን አርም!» አለችው ሬዲዮ።

ሽቦ አልሰማቻቸውም። ዓይኗ ከታመመው ጥግ ተነስቶ ወደ ውሃ ታንከሩ ሄደ። ከታንከሩ ጀርባ፣ ቧንቧው በሚያንጠባጥብበት፣ የብቻዋ የሆነ ነገር አላት፤ አምና መሬት ውስጥ ከቀረ ፍሬ ሳይዘራ የበቀለ አራት እግር ኦቾሎኒ። ዘር ከመዝራታቸው በፊት መምህሯ «በራሱ የበቀለውን ሁሉ ንቀሉ» ብላ ነበር። ሽቦም «ነቅያለሁ» ብላለች። ግን እንዴት አድርጋ? በጋውን ሙሉ ቁጭ ብላ የምታወራው ከእነሱ ጋር ነው።

ሄዳ ጎንበስ አለች። እነሱም ቢጫ ሆነዋል። አንዱን ቅጠል ገለበጠችው። ከሰሊጥ የሚያንሱ ጥቋቁር ነፍሳት ተደራርበው ጭማቂውን ይመጥጣሉ። ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ነው! አንዱማ ክንፍ አውጥቷል። ዓይኗ እያየ ብድግ አለና ወደ መደቡ በረረ።

ሽቦ ክው አለች።

«ዝም በይ አቦ» አለቻት ተከትላት የመጣችው ሬዲዮ። «ማን አየሽ? በዘሩ ይሳበብ።»

«አንቺ ዝም ልትዪ?»

«ላንቺ ስል... እስከ ምሳ ሰዓት እሞክራለሁ።»

ሽቦ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ጠፋ። ሌላው መደብ ገና አረንጓዴ ነው፤ ነገ እሱም አብሮ ሊነቀል ነው። አራቱን ተክል አንድ በአንድ ነቀለች፤ ክሽክሹ እንዳይበተን በፌስታል ቋጠረቻቸውና ወደ መምህራን ክፍል ሄደች።

ከታንከሩ ጀርባ እንደነቀለቻቸው ስትነግራት፣ መምህሯ በማጉያ መነጽር አየቻቸው። ከዚያ «ነቅያለሁ ብለሽኝ ነበር» አለች።

«ዋሽቼሽ ነው ቲቸር። አሳዘኑኝ።»

«በሽታው ቫይረስ ነው። እግር የለውም፤ ክሽክሹ ነው እግሩ። ከታመመው መጥጦ ጤነኛውን ሲወጋ ያጋባበታል። በጋውን እነዚህ ላይ ተደላድሎ ከርሟል ማለት ነው።» ድንገት ብድግ አለች። «ቆይ፣ እንዲህ ከሆነማ ዘሩ ምንም አልሆነም! የታመሙትን ብቻ እንነቅላለን። ለክፍልሽ ግን አንቺው ነሽ የምትነግሪው።»

ነገረቻቸው። «ጉድ ሠራሽን!» ያላት አልጠፋም፤ ሁለት ቀን ያኮረፋትም ነበር። ሃያ ሰባት ተክል ነቀሉ። ከዚያ ወዲህ ሽቦ በየጠዋቱ ደወል ሳይደወል መጥታ ቅጠል ትገለብጣለች። አዲስ ቢጫ ካየች ትነቅላለች። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድም አጣች።

የአዝመራው ቀን የመጀመሪያዋን ተክል እንድትነቅል እሷን ገፉ። ጨበጠች፣ ሳበች። አፈሩ ረገፈና ፍሬው እንደ ቁልፍ ዘለላ ተንጠልጥሎ ወጣ።

ክፍሉ በጩኸት ቀለጠ። አንዱ ጆንያ ሞላ፣ ሁለተኛው ሞላ፣ ሦስተኛው አፉ አልታሰር አለ። የ«ለ» ክፍል አለቃ መጣና አንድ እፍኝ ተሰጠው።

«አበባው አፈራ እንዴ?» አለችው ሬዲዮ።

«ተሸንፈናል» አለ አፉን ሞልቶ። «ጨምሩልኝ።»

ጆንያዎቹን በሸክም አንስተው እየዘፈኑ ሄዱ። «ሽቦ! ነይ እንጂ፣ ፎቶ ልንነሳ ነው!»

ሽቦ የተገለበጠውን አፈር እያየች ነበር። አንዲት ፍሬ ከሥሯ ተበጥሳ ግማሽ አካሏ ተቀብሮ ቀርቷል። ብትተዋት ትበቅላለች። ጥቂት አየቻትና አንስታ ኪሷ ከተተቻት። ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ አለ።

«ቅደሙ፣ መጣሁ!» ብላ መኮትኮቻዋን አነሳችና አፈር ውስጥ የቀሩትን ልትለቅም ከጥጉ ጀመረች።