የፕሬበን ሊንደ የመጨረሻ ደብዳቤ

ፕሬበን ሊንደን ሞቶ ያገኘችው ፎቶ አንሺዋ ሶልቫይ ነበረች። በጥቅምት ወር ማክሰኞ ጠዋት፣ ለሁለት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ የመጋዘን ሰባትን በር ከፍታ ስትገባ በብረቱ ደረጃ ግርጌ በጎኑ ተኝቶ አየችው። የወደቀ ነገር የሚፈልግ መስሏት «ፕሬበን፣ ምን ጠፋህ?» ብላ ጠየቀችው። ቀረብ ስትል ግን ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ነበሩ።

መጋዘን ሰባት ሆርሰንስ ከተማ ወደብ ላይ ያለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ቤት የሌላቸው ሰዎች ይበሉበታል፣ ይታጠቡበታል፣ ሲበርድ ደግሞ ያድሩበታል። የሚተዳደረው ከየከተማው በሚመጣ የሰዎች ልግስና ሲሆን፣ ለእነዚያ ሰዎች ደብዳቤ እየጻፈ ቤቱን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያቆመው ፕሬበን ነው።

መርማሪዋ ሪግሞር ብሩን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። አብሯት የመጣው ሐኪም ሬሳውን መርምሮ ቀና አለ።

«አንገቱ ተሰብሯል። ከላይ ነው የወደቀው። ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ላይ ይመስለኛል።»

«ወድቆ ነው ተገፍቶ?»

«እሱን ደረጃውን ጠይቂው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ።

የፕሬበን ካፖርት ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ሪግሞር ኪሱን ስትፈትሽ የማንበቢያ መነጽሩን ከነቤቱ አገኘች። ከዚያ ደረጃውን ወጥታ ሦስተኛ ፎቅ ካለው ቢሮው ገባች። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩ ፎቶዎች አሉ፤ በፎቶዎቹ ላይ ደግሞ በማሽን የታተመ፣ ያልተፈረመበት አንድ ወረቀት ተቀምጧል።

«የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ ድርጅታችን በዚህ ዓመት ብቻ ከአራት ሺህ በላይ ሰዎችን ተቀብሏል። ይሁን እንጂ እውነቱን ልንደብቃችሁ አይገባም። አግዳሚ ወንበር ላይ በብርድ ስለሞተው ስለ ሚኬል የጻፍኩላችሁ ሁሉ ፈጠራ ነው። ሚኬል የሚባል ልጅ አልነበረም፤ የምታለቅስ እናትም የለችም። የቫግንንም ታሪክ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይህን እፍረት ተሸክሜ መኖር አልችልም።»

ሪግሞር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና በቦርሳዋ ከተተችው። ስለ ወረቀቱ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የቤቱን ቁልፍ የያዙት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሟቹ፣ ዳይሬክተሯ ቦዲል ክራግ፣ ሶልቫይ፣ እና ከአምስት ወር በፊት ከማስታወቂያ ድርጅት የመጣው የደብዳቤና የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ ካስፐር ሆልት። ከቤቱ የማይጠፋው አምስተኛ ሰው ቫግን የሚባል ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው የመርከብ አናጢ ነው፤ እሱ ከማእድ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ስለሚኖር ቁልፍ አያስፈልገውም።

ሪግሞር ከሶልቫይ ጀመረች። ልጅቱ የቡና ኩባያ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ትናንት ማታ ቢሮውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ፕሬበን ቀድሞኝ ሄዷል። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬለት ወጣሁ።»

«ሌላ ወረቀት ነበር?»

«ምንም። እሱ ጠረጴዛውን ባዶ አድርጎ ነው የሚሄደው። በዚያ ብዙ ጊዜ አሹፌበታለሁ።» እንባዋ መጣ። «የቫግንን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ? ለግድግዳ ነው ተብዬ ነው። ከተማው ሁሉ ላይ ይለጠፋል ያለኝ ሰው የለም።»

ፖስተሩን ሪግሞርም አይታዋለች፤ በየአውቶቡስ ማቆሚያው ተለጥፏል። የቫግን የተሸበሸበ ፊት፣ ከስሩም «መጠጥ ልጄን ነጠቀኝ» የሚል ጽሑፍ። በየቤቱ የተላከው ደብዳቤም ያንኑ ታሪክ ያስረዝመዋል።

ቫግን ክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ከመቀመጧ ጀመራት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ በሕይወቴ ሰክሬ አላውቅም! ሚስቴ ታማ አስታመምኩ፣ ስትሞት ሁሉም ነገር ከእጄ ወጣ፤ ይኸው ነው። ልጄ ቫይለ ከተማ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ፖስተሩን ስልካቸው ላይ ይዘው ምን አሏት መሰለሽ? “አባትሽ ሰካራሙ ነው?” ደውላልኝ ስታለቅስ ነበር።»

«ትናንት ፕሬበን ላይ ጮኸሃል አሉ።»

«ጮኼበታለሁ! ውሻ ብዬዋለሁ። ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነዋ።» ቫግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ ግን ዝም ብሎ ሰማኝ። ሲበቃኝ፣ “ቫግን፣ ሳይታተም በፊት ያነበበልህ ሰው አለ?” አለኝ። “ማን ያነብልኛል!” ስለው ፊቱ አመድ መሰለ። “ነገ ጠዋት አስተካክለዋለሁ” ብሎኝ ሄደ። አሁን እኔ ነኝ የገደልኩት ልትይ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ምን ሰማህ?»

«የአንድ ሰዓት ዜና ሲጀምር የሆነ ነገር ዱብ አለ። ጎረቤት ያለው ዳቦ ቤት ዱቄት ያወረደ መሰለኝ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት።» ራሱን ያዘ። «ከፍ አደረግኩት እኮ!»

ቦዲል ክራግ ስልሳ ዓመቷ ነው። ከመርማሪዋ ጥያቄ ይልቅ ከመስኮቱ ውጪ የቆመው የምሳ ሰልፍ ያሳሰባት ትመስላለች።

«በሩን መዝጋት አልችልም፣ ሪግሞር። እነዚህ ሰዎች የት ይሂዱ? ባለፈው ዓመት ሰጪዎቻችን ቀነሱ። ካስፐርን ያመጣሁት ለዚያ ነው። ጎበዝ ነው ተባልኩ።»

«ከፕሬበን ጋር ይስማሙ ነበር?»

«እንዴት ይስማማሉ! ካስፐር “ሰው ካላለቀሰ አይሰጥም” ይላል። ፕሬበን ደግሞ “የሚያስለቅሰውን ተወው፣ የሆነውን ጻፍ” ይለዋል። እኔ መሃል ገብቼ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ እላለሁ።» ፊቷን አዞረች። «የቫግንን ደብዳቤ ሳላነበው ነው የፈረምኩት። ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

ሪግሞር የፕሬበንን የድሮ ደብዳቤዎች በሙሉ እንድትሰጣት ጠየቀቻት።

ካስፐር ሆልት የመጨረሻው ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ጢሙን በጥንቃቄ የተከረከመ፣ ሰው እንዲቀመጥ የሚጋብዝ ፈገግታ ያለው ሰው ነው።

«ያሳዝናል። ግን ልዋሽሽ አልችልም፣ አልገረመኝም። ሰሞኑን ጨንቆት ነበር።»

«ምን አስጨነቀው?»

«የጻፋቸው ነገሮች። ያ ሚኬል፣ ያቺ እናት...» እጁን አወናጨፈ። «በእኛ ሙያ ታሪክ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ግን ቅዱስ መሆን ፈለገ። እና ከበደው። ደብዳቤ ምናምን አልተወም?»

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲህ ዓይነት ሰዎች ይተዋሉ ብዬ ነዋ።»

«ዛሬ ስንት ሰዓት ገባህ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል። ፖሊስ ቆሞ ነው ያገኘሁት።»

ሪግሞር አመስግናው ወጣች።

ያን ከሰዓትና በማግስቱ ቢሮዋ ተቀምጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተጻፉትን ደብዳቤዎች አነበበች። አንዳቸውም ከአንድ ገጽ አያልፉም። ሁሉም በተቀባዩ ስም ይጀምራሉ፤ «ውድ ኢንገር»፣ «ውድ ሞገንስ»። ፕሬበን ለአንድ ሰው ነው የሚጽፈው፤ አንቺ ወይም አንተ እያለ፣ አጥር ላይ ተደግፎ ከጎረቤት ጋር እንደሚያወራ ሰው። «ድርጅታችን» የሚል ቃል ፈልጋ አጣች። የሚተርከው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰውም ሲያሳዝን ብቻ አይታይም፤ ይቀልዳል፣ ይቆጣል፣ ሾርባው ጨው አነሰው ይላል። ሪግሞር የምታነበው ለምርመራ መሆኑን ሁለት ጊዜ ረሳችው።

ከደብዳቤዎቹ ጋር አንድ ደብተር ነበር። በየደብዳቤው አንጻር የባለታሪኩ ስም፣ ቀን፣ እና «ተነበበ፣ ተስማማ» የሚል ማስታወሻ ሰፍሯል። አንዳንዱ ጋ «ይህን አውጣ አለች፤ ወጣ» ይላል። በመጨረሻው ገጽ፣ በሰኞ ቀን፣ «ቫግን፤ ማንም አላነበበለትም» የሚል አለ። ከሚኬል ስም አጠገብ ግን የሚታየው የሌላ ሰው ስምና የመንገድ አድራሻ ነው። ሪግሞር ካፖርቷን ለበሰችና ወደዚያ አድራሻ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉንም በመጋዘን ሰባት መመገቢያ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ቦዲል፣ ሶልቫይና ቫግን በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ ካስፐር ራቅ ብሎ መስኮቱ አጠገብ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ከሪግሞር ጎን ደግሞ ግራጫ ሹራብ የለበሰች አንዲት ቀጭን ሴት ነበረች። ቦዲል ስታያት ተነስታ አቀፈቻት። ሶልቫይ እጇን ያዘች። ቫግን ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለ ካስፐር። «ከፖሊስ ነሽ?»

 ሪግሞር ወረቀቱን አውጥታ ጮክ ብላ አነበበችው። «የምታለቅስ እናትም የለችም» የሚለው ላይ ስትደርስ ሶልቫይ አፏን በእጇ ከደነች።

«ይህ የተገኘው ፕሬበን ጠረጴዛ ላይ ነው» አለች ሪግሞር። «ራሱን አጠፋ እንድንል የተቀመጠ ነው። ግን እሱ አልጻፈውም። ሶልቫይ ሰኞ ማታ ጠረጴዛው ላይ ፎቶ ብቻ ትታ ዘግታ ሄደች፤ ወረቀቱ ከፎቶዎቹ በላይ ነበር። ስለዚህ የተቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሬበን ማክሰኞ ጠዋት ሲገባ ካፖርቱን እዚህ ታች ሰቀለ፤ መነጽሩም ኪሱ ውስጥ ቀረ። ያለ መነጽር አንድ መስመር አያነብም። ታዲያ እንዴት ጻፈ?»

«ቤቱ ጽፎት ሊመጣ ይችላል» አለ ካስፐር።

«ይችላል። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት “ውድ ኢንገር” ሲል የኖረ ሰው፣ ሊሞት ሲል “የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ ድርጅታችን ከአራት ሺህ በላይ” ይላል? እሱ ሰው ይጠራል፤ ይህን የጻፈው ሰው ቁጥር ይጠራል። እሺ፣ ሌላ ሰው ጻፈው እንበል። ማን? ቫግን ተቆጥቶ ነበር...»

«ነበርኩ!» አለ ቫግን።

«ቦዲል ለቤቱ ፈርታ ነበር። ሶልቫይ በፎቶው ተጸጽታ ነበር። ሦስቱም ምክንያት አያጡም። ግን ሦስቱም ሊጽፉት የማይችሉት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ።» ሪግሞር ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ቫግን፣ ይቺን ሴት ታውቃታለህ?»

«ዮነ ናት። የሚኬል እናት። ልጇ ከኔ ቀጥሎ ባለው ወንበር ላይ ነበር የሚያድረው። ቀብሩ ላይ አብረን ቆመናል።»

«እኔም ነበርኩ» አለች ቦዲል።

«ለደብዳቤው እጆቿን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች ሶልቫይ። «ፊቷ እንዳይወጣ ስለፈለገች።»

ዮነ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ፕሬበን ደብዳቤውን ቤቴ መጥቶ ሦስት ጊዜ አንብቦልኛል። የልጄን ስም ቀይረው ስለው ቀየረው። የልጄ ስም ሚኬል አይደለም። ትክክለኛውን እኛ ብቻ እናውቀዋለን።»



«የዮነን መኖር የሚያውቅ ሰው» ቀጠለች ሪግሞር፣ «“እናት የለችም” ብሎ አይጽፍም። በማግስቱ እሷ ራሷ መጥታ ውሸቱን ታጋልጠዋለችና። ይህን ሊጽፍ የሚችለው ከልቡ የለችም ብሎ ያመነ ሰው ነው። ቁልፍ ካላቸው መካከል እሷን አይቶ የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አሁን ማናት ብሎ ጠየቀ።»

ካስፐር ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«የቫግንን ታሪክ ከራስህ ፈጠርክ» አለችው። «ስለዚህ ፕሬበንም የሚፈጥር መሰለህ። ሰው ሲጽፍ እውነት ሊጽፍ ይችላል ብለህ አላሰብክም። ማክሰኞ ጠዋት ፕሬበን ምን አለህ?»

ካስፐር ወደ ዮነ ዞረ።

«ለሁሉም እጽፍላቸዋለሁ አለኝ» አለ። «ለእያንዳንዱ ሰጪ፣ ዋሽተናል ብዬ፣ ዛሬውኑ። እብድ ነህ፣ ቤቱ ይዘጋል አልኩት። “ይዘጋ” አለኝ! አልፎኝ ሊገባ ሲል... እጄን ደረቱ ላይ ነው ያደረግኩት። ላቆመው ብዬ ነው። ደረጃው አፋፍ ላይ መሆኑን...» መዳፉን አየ። «የእሱም ታሪክ ፈጠራ ነው ብዬ ነበር። ማን እንደዚያ ይጽፋል? እንዲህ ልብ የሚነካ ነገር እውነት ሊሆን አይችልም ብዬ ነበር።»

«እና ከወደቀ በኋላ ወርደህ አየኸው?» አለች ዮነ።

ካስፐር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ቁጭ ብለህ ጻፍክ» አለች።

ፖሊሶቹ ወሰዱት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቦዲል ለሰጪዎቹ ሁሉ ደብዳቤ ላከች። ከመላኳ በፊት ቫግን አጠገብ ተቀምጣ አነበበችለት፤ እሱም አንድ መስመር አስወጣ። ፖስተሩ ላይ የወጣው ታሪክ ውሸት እንደሆነ፣ ሳታነብ እንደፈረመች፣ ፕሬበን ይህን ሊናገር ሲል እንደሞተ ጻፈች። ብዙዎች ትተዋቸው ሄዱ። የላይኛው መኝታ ክፍል የብርዱን ወራት ሙሉ ተዘግቶ ከረመ፤ ከመጋዘኑ ደጅ የተመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ ቦዲልም ያንን ጊዜ በቀላሉ አልተወጣችውም። የቫግን ልጅ ግን አንድ ቅዳሜ ከቫይለ መጥታ አባቷን ለምሳ ይዛው ወጣች።

በየካቲት ከሪንግኮቢንግ ከተማ አንዲት አሮጊት በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ላከች። ስለ ካስፐርም ስለ ፖስተሩም አንድ ቃል የለበትም። «የዚያ ልጅ እናት እንዴት ናት? እኔም አንድ ልጄን ቀብሬያለሁ» ይላል። ቦዲል መልስ ልትጽፍ ቁጭ ካለች በኋላ ሐሳቧን ቀይራ ደብዳቤውን ለዮነ ወሰደችላት።

ዮነ ቆማ አነበበችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣

«እስክሪብቶ አለሽ?» አለች።