ሙሉው ቅጠል

ክረምቱ ከፋ። አርባ ቀን ፀሐይ አልወጣም። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ዓለም ባንክ ሰፈር የሚኖሩት ተክል ሰብሳቢው አቶ ነገሬ በጋዜጣ መሃል ያደረቋቸው ተክሎች ሻገቱ። «አዲስ ዝርያ ነው» ያሉትን አበባ ቤተ ሙከራው ሦስት ጊዜ «የታወቀ ነው» ብሎ መለሰባቸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተክል ለማድረቅ በሚጫኑበት ድንጋይ ላይ ጭንቅላታቸው ተመትቶ ሞተው ተገኙ።

ኢንስፔክተር ዱባለ ሲደርስ ልጃቸው ሌሊሴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አወቅኩዎት» አለችው። «የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አባዬ ‹ያገኘሁትን ተክል ሰረቁኝ› ብሎ ሲመጣ፣ ‹ቅጠል አይሰረቅም› ብለው የመለሱት እርስዎ ነዎት። ማን ሰረቀህ ብለው እንኳ አልጠየቁትም።»

ዱባለ አልካደም። ገባ።

ጠረጴዛው ላይ የቤተ ሙከራው ፖስታ ተከፍቷል፤ ማኅተሙ የሐሙስ ነው። ውስጡ ዳሩ ለምርመራ በትንሹ ከመቆረጡ በቀር ሙሉ የሆነ ደረቅ ቅጠል አለ። ሌሊሴ ዳሰሰችው።

«የኛ አይደለም! የኛው ቅጠሉ ጠጉራም ነው፤ አበባው ስድስት መልካበባ አለው። የታወቀው ዘመዱ ባለ አምስት ነው፣ ቅጠሉም እንደዚህ ለስላሳ። ለውጠውብናል። ዲ ኤን ኤው እንዴት እውነት ይናገር?»

ናሙናው በሦስት ሰው እጅ ያልፋል። ሌሊሴ ታሽጋለች፣ የነገሬ ሾፌር ጉተማ ያደርሳል፣ የተክል ተመራማሪው ዶክተር ደግፌ ወደ ቤተ ሙከራ ይልካል።

«ታሽጎ ተሰጠኝ፣ ታሽጎ ጦር ኃይሎች ሰፈር ለዶክተሩ ሰጠሁ» አለ ጉተማ። «እኔና ቅጠል ምን አገናኘን ጋሼ? ሰላጣ እንኳ አልበላም።»

«ክረምት ከገባ ቤታቸውን አልረገጥኩም» አለ ደግፌ። «እልኸኛ ሰው ነበሩ።»

ዱባለ ሁለት ቀን ሙሉ አመላለሳቸው። የአንዳቸውም ቃል አልተፋለሰም። ብስጭቱ በራሱ ላይ ነበር፤ ያኔ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ!

በሦስተኛው ቀን ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበ። ከአጥሩ የቀጠፈውን አንድ አንድ ቅጠል ከፖስታ ጋር አደላቸው።

«ለቤተ ሙከራ አዘጋጁልኝ።»

«ፈተና ነው እንዴ? እኔ ስምንተኛ ላይ ወድቄያለሁ!» አለ ጉተማ። ቅጠሉን በመሃል ሰነጠቀና ግማሹን ፖስታ ውስጥ ከተተ፤ ግማሹን ጋዜጣው ላይ አኖረ። ሌሊሴም እንዲሁ አደረገች። ደግፌ ሙሉውን ከተተ።

«ለምን ሰነጠቅከው?» ሲል ዱባለ ጉተማን ጠየቀው።

«ጋሽ ነገሬ ሌላ አያውቁማ! ‹ግማሹ ይሄዳል፣ ግማሹ ይቀራል፤ ጠብ ከተነሳ ገጥሞ ማየት ነው› ይሉ ነበር።»

ዱባለ ወደ ደግፌ ዞረ። «ፖስታውን ሲከፍቱ ግማሽ ቅጠል አገኙ። የተሰበረ መሰለዎት። ግኝቱን የራስዎ ለማድረግ በምትኩ የታወቀውን ዘመዱን ሙሉ ቅጠል አስገቡ። እነዚህ ሁለቱ ቢለውጡት ኖሮ ግማሽ ያስገቡ ነበር።»

«ይህ ነፍስ ማጥፋት ነው?» አለ ደግፌ።

«አይደለም። ግን ቤተ ሙከራው ትራፊውን የመለሰው ሐሙስ ጠዋት ለእርስዎ ነው። ከሰዓት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። ፖስታ እግር የለውም። ለእርስዎ ተራ ቅጠል ስለነበረ ትተውት ሸሹ።»

ደግፌ ወንበሩን ያዘ። «አምጣና አሳየኝ አሉኝ። ገና ሲነኩት አወቁ። ‹እንደ በፊቱ አልለቅህም› ብለው ያዙኝ... ገፋኋቸው።»

«እንደ በፊቱ?» አለ ዱባለ።

ደግፌ ወንበሩን ለቆ ወደ በሩ አየ።

«ያኔ የአባዬን ተክል የሰረቀውም እሱ ነበር!» አለች ሌሊሴ።

ዱባለ ከመጀመሪያው ቅጠል በነገሬ ጋዜጣ መሃል የቀረውን ጠጉራም ግማሽ ራሱ አሽጎ ለሌላ ቤተ ሙከራ ላከ። ውጤቱ በኅዳር መጣ፤ ዲ ኤን ኤው ከታወቀ ዝርያ ጋር አልገጠመም። ተክሉ በነገሬ ስም ተመዘገበ።

ዱባለም ጡረታ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው የአሥራ ሁለት ዓመቱን አቤቱታ መዝገብ ላይ አሰፈረ። አመልካች፦ ነገሬ። ተጠርጣሪ፦ ደግፌ። የተሰረቀው፦ ቅጠል። ግልባጩን ይዞ ዓለም ባንክ ወረደ።

ሌሊሴ ቆማ አነበበችው።

«ዘገዩ» አለች።

«አዎ።»

ወረቀቱን አጠፈችና በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችለት።