አምስት ሰዓት ብቻ የመሰለው በረራ

ፀጉር አስተካካዩ ነርሷን መጀመሪያ ያያት ቀን የአባቷን ጆሮ በምላጭ ጫረ። አባቷን ደግፋ ገብታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ የሱ ዓይን እሷ ላይ፣ ምላጩ አባትየው ጆሮ ላይ።

«አንተ! ልጄን እያየህ ጆሮዬን ልትወስደው ነው እንዴ?» አሉ አባትየው።

እሷ በሳቅ ፈረሰች። ፍቅራቸውም በዚያው ተጀመረ።

ምን ያደርጋል፣ ብዙም ሳይቆዩ ሩቅ አገር ሥራ አግኝታ ሄደች። ናፍቆት አላስቀምጥ ብሎት «ልምጣ?» ባላት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር።

«የኔ ጌታ፣ አሥራ ሦስት ሰዓት አየር ላይ ነው እኮ! ያ የታመመ ወገብህ አይችለውም። እኔው እመጣለሁ።»

አሠሪዎቿ የዕረፍት ፈቃድ እየከለከሏት ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ትኬት ቆርጣ ላከችለት።

«ከመጣህ ሥራውን ትቼ አብሬህ እመለሳለሁ። ከቀረህ ግን... የአምስት ዓመቱን ውል እፈርማለሁ።»

ትኬቱን አየው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይነሳል፤ በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ያርፋል። በጣቱ ቆጠረ። አምስት ሰዓት!

እዚህ ሲመሽ እዚያ ገና ቀን እንደሆነ ያውቃል፤ ስንቴ በስልክ ስቀውበታል። ቅናት ግን ሒሳብ ያስረሳል። «ለካ አሥራ ሦስት ያለችኝ እንዳልመጣባት ነው! ሌላ ሰው ይዛለች!» አለ። «ዋሽተሽኛል፤ አልመጣም» ብሎ ጻፈላትና ስልኩን ዘጋ። አውሮፕላኑ ጥሎት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ጡረታ የወጡ አብራሪ ሊስተካከሉ መጡ። ግማሽ ፀጉራቸውን እንደቆረጠ፣ አላስችል ብሎት ብሶቱን ዘረገፈላቸው።

«ምን ነካህ ልጄ! ያረፈበት ሰዓት የእነሱ ሰዓት ነው እኮ። ከኛ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። በል ስምንቱን በአምስቱ ላይ ጨምርበት።»

አሥራ ሦስት! መቀሱ ከእጁ ወደቀ። ስልኩን ከፍቶ ደወለላት።

«የኔ ዓለም! ተሳስቼ ነው! በሰዓቱ ተሳስቼ ነው! ባገኘሁት አውሮፕላን እመጣለሁ!»



«ተናዶ ነው እንጂ ይመጣል ብዬ አውሮፕላን ማረፊያ ወጣሁ» አለች። «መንገደኛው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁህ። ስልክህ ዝግ ነው... ትናንት ፈረምኩ።»

«ቅደጂው! በእናትሽ ቅደጂው!»

«ውሉስ ይቀደድ ነበር። አንድም ቀን ዋሽቼህ አላውቅም፤ አንተ ግን አንዲት ቃል ሳትጠይቀኝ ፈረድክብኝ። እወድሃለሁ... ከእንግዲህ ግን አትጠብቀኝ። እኔም አልጠብቅህም።»

ስልኩ ተዘጋ። ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳችም።

መቀሱን ከመሬት አነሳ። እንባው ግን ዓይኑን ጋረደው።

«ይቅርታ አባቴ... አሁን እጨርስልዎታለሁ...»

«ተወው ልጄ፣ ኮፍያ አደርጋለሁ» አሉና ተነሱ። አንገታቸው ላይ የነበረውን ፎጣ ፈተው እንባውን ጠረጉለት።