ቀድሞ የሞቀ ሞተር

መድኃኒት አመላላሹ ወጣት መዳፉን በሞተሩ ላይ ሲያሳርፍ አቃጠለው።

«ከትናንት ወዲህ አልነካሁትም» አለ ሻጩ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ያገለገለ ባለ ስድስት መቶ ሃምሳ ሲሲ ሞተር ሳይክል ነው፤ ለፍጥነትም ለሩቅ መንገድም የተሠራ፣ ግራና ቀኙ ሳጥን ያለው። ወጣቱ ሰኞ ሥራ የሚጀምረው ተራራውን የሚሻገርበት ካገኘ ብቻ ነው። መሃል መንገድ ቢቆምበት ማዶ ያሉት በሽተኞች ያለ መድኃኒት ያድራሉ።

«ጋሼ፣ ይፈናጠጡ። ተራራው ጫፍ ድረስ እንሞክረው።»

«የማን ጎፈሬ አበጣሪ መሰልኩህ?»

«እቃው ደህና ከሆነ ምን ያስፈራዎታል?»

ሻጩ እየተራገመ ተፈናጠጠ።

ዳገቱ ላይ ዝናቡ ፊታቸውን እንደ ጅራፍ ገረፈው። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል፤ ወጣቱ ማርሽ ቀንሶ፣ እየተንገዳገደ፣ ጭቃውን ሰንጥቆ ተሻገረ። ሻጩ ከኋላ ወገቡን በጡጫ ይነርተዋል።

«አዙር! ልትጨርሰኝ ነው?»

ጫፉን ጉም ውጦታል። ወጣቱ ቆመና ቁልፉን አዞረ።

«አታጥፋው!» ሻጩ ጮኸ።

«ለምን?»

ወጣቱ ቁልፉን ነቀለ።

«እንግዲያው እስኪበርድ እንጠብቃለን።»

የብረቱ እንፋሎት እስኪያልቅ በዝናቡ ውስጥ ቆሙ። ከዚያ ወጣቱ ሞከረው። ማስነሻ ሞተሪኖው አቃሰተ እንጂ ሞተሩ አልተነሳም። ደግሞ ሞከረ። ያኔ ከጉሙ ውስጥ መጋዝ እንጨት ሲገዘግዝ የመሰለ ድምፅ መጣ።

«ነብር!» ሻጩ የወጣቱን ኮት ጨምድዶ ያዘ።

«የሞተሩ በሽታ የት ነው?» አለ ወጣቱ።

«ካንዴላው ሲበርደው እሳት አይሰጥም! በቁልቁለቱ ግፋ!»

ሁለት የማይዋደዱ ሰዎች አንድ ብረት ገፉ። ወጣቱ ዘሎ ወጣ፣ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ ሳል ሳል አለና አገሳ። ሻጩ ግን ተንሸራትቶ ጭቃ ውስጥ ተዘርግቷል፤ ከጀርባው ነጠብጣብ ትከሻ ከጉሙ ብቅ ብሏል።

ወጣቱ ትቶት ሊሄድ ልቡ ከጅሎ ነበር። ግን ፍሬን ያዘ፤ ሞተሩን እስኪጮኽ አስጓራው። ነብሩ ወደ ጉሙ ተመለሰ።

«ይፈናጠጡ፣ ጋሼ።»

ከተራራው ማዶ ባለው ጋራዥ ሻጩ አዲስ ካንዴላ ገጠመ። ወጣቱ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፤ በመዳፉ ዳስሶ አስነሳው። በአንዴ ተነሳ።

«ከአሁን በኋላ እንዲህ ነው» ብሎ ሻጩ ማለ።

ወጣቱ ሂሳቡን ከፍሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሰኞ መድኃኒቱን ሊጭን ሲያቆመው ግን የሞተር ሳይክሉን አፍንጫ ወደ ቁልቁለቱ አዞረ።