ፍሬን የተሰቀለበት ጽድ

ከቀየት እስከ ዘመሮ ድረስ እንደ እኔ ሳይክል የሚነዳ ሰው ገና አልተወለደም። ወንዶቹን ጠይቋቸው፤ ይክዳሉ። ቢክዱም ከኋላዬ አቧራ የሚቅሙት እነሱ ናቸው። ፍርሃት የሚባለውንም ነገር በዝና እንጂ በአካል አላውቀውም። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልኩራራም ነው። ዋናው ነገር ግን በሰፈራችን ስለነበረ አንድ ክፉ ልማድ ልነግራችሁ ነው። ሳይክል ያላችሁ፣ ሳይክል የሚነዳ ልጅም ያላችሁ፣ ጆሮ ስጡኝ።

ከመንደራችን ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ሜዳ ነው። ከዚያ ድንገት ቁልቁል ይወርድና ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ አንድ አሮጌ ጽድ አለ። ከቅርንጫፎቹ ላይ የሳይክል ፍሬን ተንጠልጥሏል፤ የዛገ፣ የተጣመመ፣ አንዳንዱ ገና ቀለሙ ያለቀቀ። ጉም ሲወርድ ዛፉ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ቅጭል፣ ቅጭል። አንድ ሰው ብርድ ላይ ቆሞ ጥርሱን የሚያንገጫግጭ ይመስላል።

ልማዱ እንዲህ ነው። በመንደራችን ሳይክል የገዛ ሰው ገና ሳይነዳው የፊት ፍሬኑን ይፈታና ጽዱ ላይ ይሰቅለዋል። «የፊት ፍሬን ሰው ይገለብጣል። ገደሉ ሰው የሚጠራው በእሱ ነው» ይባላል። ይህን ያስጀመሩት የሰፈራችን ሽማግሌ አባባ ወዳጆ ናቸው። እሳቸውን ያስጀመራቸው ደግሞ የአጎቴ የምንተስኖት ሞት ነው።

ምንተስኖት የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። እኔ ሕፃን ሳለሁ በዚያ መታጠፊያ ሲወርድ የፊት ፍሬኑን ያዘ። ሳይክሉ ቆመ፤ እሱ ግን አልቆመም። ሳይክሉን ከጽዱ ሥር አነሡት፤ እሱን ከገደሉ ሥር አወጡት። ጽዱ ላይ መጀመሪያ የተሰቀለውም የእሱ ፍሬን ነው።

እናቴ ሳይክሉን በበጎቹ ጋጥ ውስጥ በገመድ ሰቀለችው። ይህ ሳይክል እንደሌላው አይደለም። የኋላ ጥርሱ ሲበላሽበት ምንተስኖት ከጎማው ጋር አስበይዶታል። ስለዚህ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል። እግሬን ላሳርፍ ብትሉ አያሳርፋችሁም፤ ለማዘግየት ከፔዳሉ ጋር በጉልበት መታገል ነው። እናቴ በየሙት ዓመቱ ካቴናውን ቅባት ትቀባዋለች። ታዲያ ነፋስ በጋጡ በር ሲገባ የኋላ ጎማው ቀስ ብሎ ይዞራል። ፔዳሎቹም አብረው ይዞራሉ። አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይወርዳል፤ የማይታይ እግር የረገጣቸው ይመስላል። በጎቹ ወደ ማዶው ግድግዳ ይጠጋሉ። እናቴ ደፉ ላይ ቆማ፣ «እረፍ ወንድሜ፣ በቃህ፣ እረፍ» ትለዋለች። እኔ ጋጡ ውስጥ ብቻዬን አልገባም ነበር። ሽታውን ስለማልወደው ነው።

ዘንድሮ ግን ሳይክሉ አስፈለገኝ። ትምህርት ቤቱ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። አምና በእግሬ እየሄድኩ፣ እያረፈድኩ፣ ከበር እየተመለስኩ በመጨረሻ ቀረሁ። እናቴም «እንግዲህ በግሽን ጠብቂ» ብላ ፈረደች። ለመመለስ የቀረኝ መንገድ ያ ሳይክል ብቻ ነበር።

«ያንን?» አለች ስጠይቃት። «ያንንስ ለገደሉ እሰጠዋለሁ እንጂ ለአንቺ አልሰጥም!»

«በደንብ የሚቆም ከሆነስ፣ እማዬ?»

«ከቆመልሽ ውሰጂው፣ ትምህርትሽንም ተማሪ። ካልቆመ በገዛ እጄ እወረውረዋለሁ፤ አንቺም ከበጎቹ ንቅንቅ አትይም።»

ፍሬን ከየት ይመጣል? ከጽዱ ነዋ! ማን ደፍሮ ይነካዋል? እኔ! አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉም ወርዶ ሳለ ሄድኩ። ከእጄ ወዲያ አይታየኝም። ቅጭል፣ ቅጭል ሲል ድምፁን ተከትዬ ደረስኩ። አንዱን ይዤ ሽቦውን ስፈታ ዛፉ በሙሉ ዝም አለ። አንድም ፍሬን አልተነቃነቀም። ነፋሱ ቆሞ ይሆናል። ቆሞ እንደሆነ ለማጣራት ግን አልቆየሁም።

ያንን ፍሬን እንደ ምንም አስሬ ቤታችን አጠገብ ባለው ቁልቁለት ወረድኩ። አጥብቄ ስይዘው ከፊት ጎማው «ጠጭ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያ ሰማዩን አየሁ፤ ከዚያ የገብስ ማሳ ውስጥ ነበርኩ። ተነሥቼ የፊት ጎማውን ሳየው ሽቦዎቹ ላይ አዲስ ጭረት አለ። ከአዲሱ ጭረት አጠገብ፣ በዚያው ልክ፣ የዛገ አሮጌ ጭረት አለ። ፀጉሬ ቆመ። አጎቴ የወደቀውን አወዳደቅ ነው የወደቅኩት። ልዩነታችን እኔን ገብስ መቀበሉ ነው።

ቅዳሜ ሳይክሉን እየገፋሁ ገበያ ሄድኩ። ጋሽ ሽኩር ከቆላ እየመጡ ጆንያ ዘርግተው የሳይክልና የሞተር ዕቃ ይሸጣሉ። ልጃቸው ቶይባ ጓደኛዬ ናት።

«ጋሼ፣ አሪፍ የፊት ፍሬን ይስጡኝ።»

«ሹካው የታለ?»

«የምን ሹካ? ፍሬን ነው ያልኩት።»

«የፊት ጎማውን በሁለት ወገን ይዞ የቆመው ሹካ! ፍሬኑ የሚታሰረው እሱ ላይ አይደለም እንዴ? እግርሽን ሳላይ ጫማ ልሽጥልሽ?»

«አባ፣ ይቺ እኮ ጫማውን በጭንቅላቷ የምትለካ ናት» አለች ቶይባ።

ጋሽ ሽኩር ሹካው ላይ ፍሬኑ ከሚታሰርበት ቀዳዳ እስከ ቸርኬው፣ ላስቲኩ እስከተገጠመበት ክብ ብረት ድረስ፣ በስንደዶ ለኩ። ስንደዶውን ከጽዱ ካመጣሁት ፍሬን ክንድ ጋር አስተያዩት። ክንዱ በጣት ያህል በለጠ።

«አየሽ? የዚህ ሳይክል የራሱ ሹካ ተሰብሮ በአጭር ተተክቷል። እናንተ መንደር ያለው ፍሬን ሁሉ ግን የትልቅ ሳይክል ነው፤ ክንዱ ረጅም ነው። ቀስ ብለሽ ስትይዢው የፍሬኑ ሸራ፣ ይሄ ጨብጦ የሚያቆመው፣ የቸርኬውን ጠርዝ ይነካል። አጥብቀሽ ስትይዢው ከቸርኬው ሥር ሾልኮ ሽቦዎቹ መሀል ይገባል። ያኔ ጎማው ይቆማል፣ አንቺ ትቀጥያለሽ።»

«ክንዱ ቢያጥርስ?»

«ያኔ ደግሞ ሸራው ላስቲኩን እየበላ ያፈነዳዋል። ከላይም አይደለም፣ ከሥርም አይደለም፤ ሸራው ሙሉ ለሙሉ ቸርኬው ላይ ማረፍ አለበት።» ከዚያ ሹካው አንገት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። «ይህንንስ ፍሬን አያድነውም፣ ዱዓ ካልሆነ። መጀመሪያ ያልተሰነጠቀ፣ ያልጎበጠ፣ ለጎማሽ ልክ የሆነ ሹካ። ከዚያ ለሹካው ልክ የሆነ ፍሬን። ገጥመሽም ሜዳ ላይ ደጋግመሽ ሳትሞክሪ ቁልቁለት አትውረጂ።»

«እኔ እንኳ መለማመድ አያስፈልገኝም።»

«ገብሱ እስካሁን ራስሽ ላይ ነው» አለች ቶይባ።

ጠቦቴን ሸጬ ሁለቱንም ገዛሁ። ሜዳ ላይም እስኪሰለቸኝ ሞከርኩ። ከዚያ እናቴን፣ አባባ ወዳጆንና ቶይባን መታጠፊያው ድረስ ወሰድኳቸው። የዚያን ቀን ጉሙ እንደ ዕቃ ክዳን ነበር የተደፋብን።

አባባ ወዳጆ የፊት ፍሬኑን ሲያዩ አማተቡ። «ኧረ አንቺ ልጅ! ስንት ዓመት ሙሉ ያለ እሱ ወርደናል፤ ሰው ሞቷል?»

«የልጅዎ የምስክር እግርስ፣ አባባ?»

«እሱ ተሰበረ እንጂ አልተገለበጠም!»

እናቴ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ሳይክሉን የምትወረውርበትን ቦታ የምታይ መሰለኝ።

ከላይ ጀመርኩ። መጀመሪያ በእግሬ እየታገልኩ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ከዚያ ቁልቁለቱ በረታና ፔዳሎቹ እኔን መንዳት ጀመሩ። ቀኝ እግሬ አመለጠኝ። ፔዳሉ ቅልጥሜን መታኝ፣ ደገመኝ። ጉሙ ውስጥ ቅጭል፣ ቅጭል ይላል፤ እየቀረበ፣ እየበዛ። በዚያ መሀል አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ የሕፃን የሚመስል፣ «እማዬ! እማዬ!» እያለ የሚያለቅስ። ከገደሉ ነው፣ ከዛፉ ነው፣ አላውቅም። ሰውነቴ በሙሉ በረደ። ፍሬኑን ያዝኩ።

ሳይክሉ ቆመ። እኔም አብሬው ቆምኩ። ጽዱ ከፊቴ ነበር።

እናቴ መጥታ አልነካችኝም። ተንበርክካ ጣቷን የፍሬኑ ሸራ ቸርኬውን ጨብጦ የያዘበት ቦታ ላይ አሳረፈች።

«እና ወንድሜን የወሰደው ገደሉ አልነበረም?»

«አልነበረም እማዬ። ከሹካው ጋር የማይገጥም ፍሬን ነው። ጋሽ ሽኩር በስንደዶ ለክተው አሳዩኝ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ገደሉን ስለማመጥ…» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ቆይታ ሳይክሉን በሁለት እጇ ያዘችው። ልትወረውረው መስሎኝ ነበር። መሪውን ወደ እኔ አዞረችው። «ሰኞ እንዳታረፍጂ።»

አባባ ወዳጆ በከዘራቸው ቅርንጫፉን ጎትተው የምስክርን ፍሬን ፈቱ። «መልሼ ከማሰሬ በፊት ከሹካው ጋር በስንደዶ አስለካዋለሁ» አሉ፤ ይህን ያሉት ለእኔ ሳይሆን ለዛፉ ነበር።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ምክሬ ይህ ነው። አንድ ፍሬን ሰው ጣለ ብላችሁ ፍሬንን ሁሉ አትስቀሉ፤ ለምን እንደጣለ ጠይቁ። ፔዳሉ የማያርፍ ሳይክል ያላችሁማ በእግራችሁ አትመኩ፤ እግር ያመልጣል። ሹካችሁን እዩ፣ ለክታችሁ ፍሬን ምረጡ። እኛ ሳንለካ የገጠምነውን ነገር ሰይጣን ገጠመው እያልን ስንት ሰው ቀብረናል!

ይህን ሁሉ እዚያው ጽዱ ሥር ቆሜ ተናገርኩ፤ በደንብ ነው የተናገርኩት። ቶይባ ብቻ ናት የማታዳምጠው።

«መቼም እንዲህ አድርጎ ሳይክል የሚያቆም ሰው በመንዝ የለም» አልኳት። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ጉሙ ውስጥ ‹እማዬ› እያለ ያለቀሰውን ሰማሽው? ያ ድምፅ የማን ነው?»

«የአንቺ ነዋ» አለች ቶይባ። «ዓይንሽን ጨፍነሽ።»